«የእግር ደም ፍሰት ሙሉ ምርመራ» በ620 ዶላር፦ የከፈልኩበትና ያገኘሁት

የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ በኦሮራ ከተማ ነው። ላለፉት 14 ዓመታት ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ብስክሌቴን ይዤ ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ወዳሉት ተራሮች መውጣት ልማዴ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የምመርጠው ከጎልደን ከተማ ጥግ የሚነሣውን የሉክአውት ማውንቴን ዳገት ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ዳገቱ ሲበረታ ግራ ጭኔና ባቴ እንደ እንጨት ይደርቁ ጀመር። ስሜቱን ሕመም ከምለው የኃይል መጥፋት ብለው ይቀርበኛል፤ ፔዳል መምታቴን ካቆምኩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ጓደኞቼ ኮርቻህን ዝቅ አድርግ፣ ወገብህን ታሽ፣ ዕድሜህንም አስብ አሉኝ። የቤተሰብ ሐኪሜም አስተኝቶ የቁርጭምጭሚቴን የደም ግፊት ከለካ በኋላ ወደ እግሬ የሚወርደው ደም እንከን እንደሌለው ነገረኝ።

እንከኑ የሚታየው በከባድ ጥረት ላይ ብቻ ከሆነ ምርመራውም በከባድ ጥረት ላይ መደረግ አለበት ብዬ ስላሰብኩ፣ በከተማችን የስፖርት ብቃት ከሚመዝኑ የግል ላቦራቶሪዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ላቦራቶሪው በማስታወቂያው «በሙሉ ኃይልዎ እየሠሩ ሳለ ወደ እግርዎ የሚሄደውን ደም እንለካለን» ይላል። ዋጋው 560 ዶላር ሲሆን፣ ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚደረገው የቁርጭምጭሚት ግፊት ልኬት በጥቅሉ ውስጥ ስለሌለ 60 ዶላር ጨምሬበታለሁ። ተቋሙ ክሊኒክ ስላልሆነ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ይህን ግምገማ የምጽፈው ማስታወቂያው የገባው ቃል ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ፣ ከሦስቱ ልኬቶችም የትኛው ገንዘብ እንደሚያወጣ ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ግን ነገሩ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ደም ይረጫል፤ ከዚህም ውስጥ አንድ እግር የሚደርሰው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ የልብ ርጭት በጤነኛ ጎልማሳ 20 እና 25 ሊትር ይደርሳል፣ ከዚያም ውስጥ ከአምስቱ አራቱ እጅ ወደሚሠሩት ጡንቻዎች ይሄዳል። ይህን ፍሰት በቀጥታ ለመለካት ተመራማሪዎች በብሽሽት በኩል ወደ ትልቁ የእግር ደም መልስ ቀጭን ቱቦ ያስገቡና ቀዝቃዛ የጨው ውኃ እየለቀቁ ደሙ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ይለካሉ፤ ብዙ ደም ካለፈ ቅዝቃዜው ጥቂት ይሆናል፣ ጥቂት ደም ካለፈ ይበረታል። ስዊድናዊው ቤንግት ሳልቲን ከባልደረባው ከፔር አንደርሰን ጋር ሆኖ በ1985 ኮፐንሃገን ላይ ያወጣው ጥናት የተሠራው በዚህ ዘዴ ነበር። ሰዎቹን ወንበር ላይ አስቀምጠው በአንድ ጉልበት ብቻ እንዲረግጡ ካደረጉ በኋላ አንድ ኪሎ የሚሠራ የጭን ጡንቻ በደቂቃ ወደ 2.5 ሊትር ደም ሊቀበል እንደሚችል አሳዩ። ቀደም ሲል ይታመንበት ከነበረው በእጥፍና ከዚያ በላይ የሚበልጥ አኃዝ ነው። ትርጉሙም ሁሉም ጡንቻዎቻችን በአንድ ጊዜ የሚችሉትን ያህል ቢከፈቱ ልብ ሊያጠግባቸው አይችልም ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ቱቦ የግል ላቦራቶሪ አያስገባም፣ ሊያስገባም አይገባውም። ስለዚህ በ620 ዶላር የሚገዛው ቀጥተኛው ልኬት ሳይሆን ተተኪዎቹ ናቸው። ይህን ማስታወቂያው አይልም።

የመጀመሪያው ተተኪ የደምን ፍጥነት በድምፅ ሞገድ የሚለካው የዶፕለር አልትራሳውንድ ነበር። ባለሙያዋ ከኋላው ዘንበል ያለ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ እግሬን ከአንድ ዘንግ ጋር አሰረችው፣ እኔም በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል ወደ ፊት እንድረግጥ ሆነ። እርሷ በዚያ ጊዜ የመሣሪያውን ጫፍ ብሽሽቴ ላይ ይዛ የደም ቅዳውን ስፋትና በውስጡ የሚያልፈውን ደም ፍጥነት ትለካለች፤ ስፋቱና ፍጥነቱ ሲባዙ ፍሰቱ ይገኛል። በማያ ገጹ ላይ ያየሁት ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡ ከፊሉን ያካክሳል። ጡንቻው በተጨማደደ ቁጥር ደሙ ገታ ይላል፣ እንዲያውም ለአፍታ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጡንቻው ሲላላ ደግሞ እንደ ተከፈተ ግድብ ይለቀቃል። የሚሠራ ጡንቻ ደም የሚጠጣው በሁለት ምት መካከል ባለችው ዕረፍት መሆኑን በመጽሐፍ ማንበብና በራስ እግር ላይ ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ውጤቱ ግን ጥያቄዬን አልመለሰም። በ30 ዋት ረገጣ ቀኝ እግሬ 3.9፣ ግራው 3.6 ሊትር በደቂቃ ተቀበሉ። ልዩነት አለ ማለት ይቻላል? እኔ አልልም። የደም ቅዳው ስፋት 9 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ስፋቱ በራሱ ስለሚባዛ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት ፍሰቱን 11 በመቶ ከፍ ያደርገዋል፣ በሁለቱ እግሮቼ መካከል የታየው ልዩነት ደግሞ ከ8 በመቶ አይበልጥም። ባለሙያዋ ይህን ስጠይቃት ሳትሸሽ አመነች፤ ለዚህም አከብራታለሁ። ዋናው ጉድለት ግን ከስሕተቱ መጠን በላይ ነው። መሣሪያው ብሽሽት ላይ ጸንቶ መያዝ ስላለበት ብስክሌት ላይ በሙሉ ኃይሉ የሚወዛወዝን ሰው መለካት አይችልም። የተለካው እንግዲህ ዘና ብሎ ተቀምጦ በአንድ ጡንቻ የሚረግጥ እግር እንጂ፣ ወገቡ ታጥፎ፣ ሁለት እግሩና መቀመጫው ሁሉ ደም እየጠየቁ ዳገት የሚወጣ ሰው አይደለም። ማስታወቂያው «በሙሉ ኃይልዎ» ያለው ለዚህ ክፍል አይሠራም።

ሁለተኛው ብስክሌት ላይ የተደረገው የብርሃን ሴንሰር ልኬት ነው። ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ ጭን ላይ ተለጥፎ፣ ብርሃን እንዳይገባበት በጥቁር ጨርቅ ይታሰራል። ቆዳን አልፎ ወደ ጡንቻው የሚገባ፣ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልክና ኦክስጅን የተሸከመውና ያልተሸከመው ሄሞግሎቢን ብርሃኑን በተለያየ መጠን ስለሚውጡት፣ ከሚመለሰው ብርሃን የኦክስጅኑን መቶኛ ያሰላል። የዚህ ዘዴ መነሻ ፍራንስ ዮብሲስ በ1977 ያወጣው ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ በእጅ ሰዓት ላይ የሚነበቡ አነስተኛ መሣሪያዎች ሆኖ በብዙ ብስክሌተኞች ጭን ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ይህ መሣሪያ የደም ፍሰት አይለካም። የሚያሳየው ወደ ጡንቻው በሚገባው ኦክስጅንና ጡንቻው በሚጠቀመው ኦክስጅን መካከል ያለውን ሚዛን ነው። መቶኛው ሲወርድ የሚደርሰው ደም አንሶ ይሆናል፣ ወይም ጡንቻው የሚጠቀመው በዝቶ ይሆናል፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። አንድ ቤት ውስጥ ያለው የጤፍ መጠን ቀነሰ ማለት ገበያው ራቀ ማለት ነው ወይስ እንግዳ በዛ ማለት ነው ብሎ እንደመጠየቅ ነው። በዚያ ላይ ብርሃኑ የሚጠልቀው በላኪውና በተቀባዩ መካከል ካለው ርቀት ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከቆዳ ሥር ወፈር ያለ ስብ ያለው ሰው ጡንቻውን ሳይሆን ስቡን ያስለካል። የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣል። የጣት ኦክስጅን መለኪያዎች ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕሙማን ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ንባብ እንደሚሰጡ በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ካሳየ ወዲህ፣ እኛን የመሰለ ሰው በብርሃን የሚሠራ መለኪያ ሲቀርብለት ቢጠይቅ ነውር የለበትም። እኔም ጠየቅሁ፤ የተሰጠኝ መልስ በአንድ ሰው ሁለት እግሮች መካከል የሚደረግ ንጽጽር በዚህ ብዙም አይጎዳም የሚል ነበር፣ አሳማኝም መሰለኝ።

ችግሩ ጥቅሉ አንድ ሴንሰር ብቻ የሚያካትት መሆኑ ነው፤ እርሱም በልማድ ቀኝ ጭን ላይ ይለጠፋል። የሚያመኝ ግራው እንደሆነ በማመልከቻ ቅጹ ላይ በግልጽ ጽፌ ነበር። ሁለተኛ ሴንሰር እንዲጨመርልኝ ስጠይቅ ካቢኔው ውስጥ ስለነበረ ያለ ክፍያ ጨመሩልኝ፤ ነገር ግን ባልጠይቅ ኖሮ የጤነኛውን እግሬን ገበታ ይዤ እመለስ ነበር።

ብስክሌቱ በየሦስት ደቂቃው እየከበደ ሄዶ በ270 ዋት ላይ እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ ቆምኩ። በጥረቱ ጊዜ የቀኝ ጭኔ ኦክስጅን ከ70 ወደ 31 በመቶ፣ የግራው ከ68 ወደ 22 በመቶ ወረደ። ከላይ እንዳልኩት ይህ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ግራው ይበልጥ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሚለወጠው ከቆምኩ በኋላ ነው። ሰው ፔዳል መምታቱን ሲያቆም የጡንቻው የኦክስጅን ፍጆታ በፍጥነት መውረድ ይጀምራል፣ ስለዚህ የባዶው ዕቃ መሙያ ፍጥነት ከሁሉም በላይ የሚገልጠው የሚመጣውን ደም ይሆናል። የቀኝ ጭኔ ያጣውን ኦክስጅን ግማሹን ለመመለስ 17 ሰከንድ ሲበቃው፣ ግራው 38 ሰከንድ ወሰደበት። በማስታወቂያው ላይ ፎቶግራፉ የወጣው፣ ገበታው በቀይና በሰማያዊ የደመቀው መሣሪያ ስለ ደም ፍሰት የተናገረው ጥረቱ ካለቀ በኋላ ነው። በተሰጠኝ ሪፖርት ላይ ግን መስመሩ እኔ በቆምኩበት ሰከንድ ላይ ተቆርጧል! የማገገሚያውን ክፍል ያየሁት በዕለቱ በማያ ገጹ ላይ ስለነበርኩ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ልኬት ምንም የሚያምር ነገር የለውም። ከብስክሌቱ እንደወረድኩ አልጋ ላይ አጋደሙኝና በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቼና በክንዴ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ጠመጠሙ፤ ሁለት ባለሙያዎች እየተሯሯጡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም ለኩ። አሠራሩ ግልጽ ነው። የቁርጭምጭሚት ላይኛው ግፊት ለክንድ ላይኛው ግፊት ሲካፈል በዕረፍት ጊዜ ከአንድ በላይ ወይም አንድ አካባቢ ይሆናል፣ ከ0.90 በታች ከሆነ የእግር ደም ቅዳ መጥበብ ያስጠረጥራል። በመንገዱ ላይ ጠባብ ቦታ ካለ በዕረፍት ጊዜ ጥቂት ደም ስለሚፈስ ግፊቱ ሳይነካ ያልፋል፤ ፍሰቱ ብዙ እጥፍ ሲጨምር ግን በጠባቡ ቦታ ላይ ግፊቱ ይወድቃል። የቤተሰብ ሐኪሜ አስተኝቶ ለክቶ ምንም ያላገኘው ስለዚህ ነው።

ቁጥሮቹን ልጻፋቸው። ከጥረቱ በፊት ክንዴ 124፣ ግራ ቁርጭምጭሚቴ 134፣ ቀኙ 138 ነበሩ፤ ሁለቱም እግሮች ከ1 በላይ ናቸው። ከጥረቱ በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ ክንዴ 196፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ 168፣ ግራው 104 ሆኑ። ሲካፈል ቀኙ 0.86፣ ግራው 0.53 ነው። ከከባድ ጥረት በኋላ የክንድ ግፊት ከፍ ስለሚል በጤነኛ ስፖርተኛም ላይ ይህ ቁጥር መጠነኛ ቅናሽ ያሳያል፣ ስለዚህ የቀኙ አላሳሰበኝም። የግራው ቁርጭምጭሚት ግፊት ግን ራሱ ከዕረፍቱ በ30 ነጥብ ወርዷል፣ ወደ ቦታው የተመለሰውም በዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያልተካተተውና ተጨማሪ የተከፈለበት የ60 ዶላሩ ልኬት አንድ ዓመት ሙሉ የተንከራተትኩበትን ጥያቄ በአንዲት ደቂቃ መለሰ።

አሁን ስለ ሪፖርቱ። ከአምስት ቀን በኋላ በኢሜል የደረሰኝ ሰነድ 14 ገጽ ነው። የቁርጭምጭሚቱ ሰንጠረዥ ያለው 13ኛው ገጽ ላይ ነው፣ ከሥሩም «ከሚጠበቀው ዝቅ ያለ» ከሚል ሐረግ በቀር ሐኪም ጋር ሂድ የሚል ቃል አልተጻፈበትም። ፊተኞቹ ገጾች የልምምድ ምክር ናቸው፤ አብዛኛው ለማንም ሊጻፍ የሚችል ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ አዲስ አበባ ማደጌን ከቅጹ ላይ አንብበው «በከፍታ ቦታ ያደገ ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ያለ ስለሆነ» ብለው የጀመሩት አንቀጽ ነው። ደሜን የቀዳ ሰው የለም። በተጨማሪም በ2002 ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደጋ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ ታይቷል፤ በከፍታ ላይ ሄሞግሎቢናቸው የሚበዛው የአንዲስ ተራራ ሰዎች ናቸው። ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን ሪፖርቱ ሳይለካ የሚናገርበት ቦታ እንዳለ ካየሁ በኋላ የለካውንም በጥርጣሬ ማንበብ ጀመርኩ።

ስለ አገልግሎቱ ቅሬታ የለኝም። በሰዓቱ ተቀበሉኝ፣ ክፍሉ ንጹሕና ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ባለሙያዎቹ ትሑታን ናቸው፣ ጠቅላላ ሥራውም ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ሪፖርቱን ይዤ ወደ አንድ የደም ሥር ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ ልኬቱን በራሷ ትሬድሚል ላይ ደግማ ተመሳሳይ ውጤት ስላገኘች፣ ዳሌዬ ታጥፎ እያለ የደም ቅዳው ምስል እንዲነሣ አዘዘችልኝ። በኔ ዕድሜ ተራ የደም ሥር መጥበብም ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በብስክሌተኞች ላይ የዳሌው ደም ቅዳ ግድግዳ በሺዎች የሚቆጠር መታጠፍና ብርቱ የደም ፍሰት እያሹት የሚወፍርበት ሁኔታ እንዳለ ነገረችኝ። ፈረንሳውያን ሐኪሞች ይህን በ1980ዎቹ በብስክሌት ተወዳዳሪዎች ላይ ገልጸውታል፣ ኢንዶፋይብሮሲስ ይባላል። ጣሊያናዊው ፋቢዮ አሩና ፈረንሳዊቷ ፖሊን ፌራን ፕሬቮ ሁለቱም በ2019 ለዳሌ ደም ቅዳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ እርሷ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በተራራ ብስክሌት ወርቅ ወስዳለች። በዚህ በሽታ የሚቸገሩ ስፖርተኞች ለዓመታት የጡንቻ ወይም የወገብ ሕክምና ሲከታተሉ መቆየታቸው የተለመደ እንደሆነም ሐኪሟ ጨመረችልኝ፤ ምክንያቱ የእኔው ነው፣ በዕረፍት ጊዜ ሲለካ ሁሉም ደህና ይመስላል።

እንግዲህ ማን ይክፈል? ጤነኛ ሆኖ የብቃቱን ደረጃ ማወቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ጥቅል እንዲገዛ አልመክርም፤ ዋትና የልብ ምት በነጻ ይበቁታል። አሥርና ከዚያ በላይ ስፖርተኞች የሚያሠለጥን ሰው የብርሃን ሴንሰሩን ገዝቶ በየወሩ የአንዱን ሰው ውጤት ከራሱ ካለፈው ጋር ቢያወዳድር ጥቅም አያጣም፤ የአንዱን ሰው ቁጥር ከሌላው ሰው ቁጥር ጋር ካወዳደረ ግን ራሱን ያሞኛል። የዶፕለሩ ክፍል ውብ ነው፣ ለጥናት ይጠቅማል፣ ለኔ ዓይነቱ ጥያቄ ግን አይበቃም። በጥረት ላይ ብቻ የሚመጣና በዕረፍት የሚጠፋ የአንድ እግር ድካም ያለበት ሰው ከሁሉ በፊት ከጥረት በኋላ የሚለካውን የቁርጭምጭሚት ግፊት ይጠይቅ፤ ይህንንም በሐኪም ትእዛዝ ካስደረገው ኢንሹራንሱ ሊከፍልለት ይችላል። ልኬቱ በእርምጃ ሳይሆን እግሩን በሚያደክመው ዓይነት ጥረት፣ ማለትም ብስክሌተኛው በብስክሌት ላይ፣ እንዲደረግ፣ የመጀመሪያው ንባብም አንድ ደቂቃ ሳያልፍ እንዲያዝ አጥብቆ ይጠይቅ። ዘግይቶ የተለካ ግፊት የቤተሰብ ሐኪሜ በዕረፍት አስተኝቶ ከለካው አይሻልም።

ላቦራቶሪው የማገገሚያውን መስመር ከነጥሬ ቁጥሩ እንዲልክልኝ በጽሑፍ ጠየቅሁት፣ በማግሥቱ ላኩልኝ። በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ 14ቱን ገጽ ከገለበጠች በኋላ 13ኛውን ለይታ አወጣች፣ ቀጥላም ለብቻው ያተምኩትን የማገገሚያ መስመር ከጎኑ አስቀምጣ 17ና 38 የሚሉትን ቁጥሮች በእስክሪብቶ ከበበቻቸው፤ የቀረውን መለሰችልኝ።